ስም ያልተቀረጸበት የእጅ መሣሪያ ሠሪው እንዴት ይታወቃል?

በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን ጌጃ ሰፈር በመሳሰሉ የአዲስ አበባ ነባር መንደሮች ለረጅም ዓመታት የኖረ ቤተሰብ ጓዳውን ቢፈትሽ ቢያንስ አንድ በእጅ የተሠራ የብረት መሣሪያ አያጣም። መሣሪያው መጥረቢያ፣ የሥጋ ቢላዋ፣ ዶማ ወይም የከሰል ጉጠት ሊሆን ይችላል። በአብዛኞቹ ላይ የሠሪው ስም አልተጻፈም፤ የተሠሩበት ዓመትም ሆነ ስፍራ አልተመለከተም። ይህ ማለት ግን ሠሪው ከመጀመሪያው የማይታወቅ ነበር ማለት አይደለም።

ከጌጃ ሰፈር ብዙም የማይርቀው መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ተነስቶ አሁን ባለበት ስፍራ የተደራጀ ሲሆን፣ በየተራው የሚሸጠው የዕቃ ዓይነት የተለያየ መሆኑ ይታወቃል። ከተራዎቹ አንዱ የሆነው ምናለሽ ተራ ያረጀና የተጣለ ብረት ተቆርጦ፣ ተቀጥቅጦና ተበይዶ እንደገና ለአገልግሎት የሚበቃበት ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ከሠሪው ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ በዋጋ ይከራከራል፤ ዕቃው ቢሰበር ወይም ስለቱ ቢዶለዱም ማንን እንደሚጠይቅም ያውቃል። ሻጩና ሠሪው አንድ ሰው በሆነበት ገበያ ስምን በብረት ላይ መቅረጽ አስፈላጊ ሆኖ አይታይም። ምልክቱ የሠሪው ፊትና የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ችግሩ የሚፈጠረው ዕቃው ከሰፈሩ ሲለይ ነው። ገዢው ሲያርፍ፣ ልጆቹ ወደ ጋራ መኖሪያ ቤት ሲዛወሩ ወይም መንደሩ በመልሶ ማልማት ሲነሳ መሣሪያው ያለ ምስክር ይቀራል። በልደታ አካባቢ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ ብዙ ነባር መንደሮችን እንደለወጠ ይታወሳል። በእንዲህ ያለው የዕቃ መሰብሰቢያ ቀን ያረጀው መጥረቢያ በአብዛኛው የሚያመራው ወደ ቆራሌው ጆንያ ነው። ከዚያም በኪሎ ተመዝኖ ወደ መርካቶ ይመለሳል፤ ሌላ እሳት ገብቶም ሌላ ዕቃ ይሆናል። ብረቱ አይባክንም። የሚባክነው ስለ ሠሪው የነበረው መረጃ ነው።

ጉዳዩ የቤተሰብ ትዝታ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣ የሙዚየም መዝጋቢዎች፣ የአነስተኛ ኢንተርፕራይዝ ባለሙያዎችና የግዥ ሠራተኞች «ይህን የሠራው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይገጥማቸዋል። በቅርስ መዝገብ ላይ «ሠሪው ያልታወቀ» ተብሎ የሚሞላው ሣጥን ብዙውን ጊዜ የምርመራ ውጤት ሳይሆን ያለመጠየቅ ውጤት መሆኑ መታወቅ አለበት።

ምርመራው የሚጀምረው ከብረቱ ነው። በከተማው የሚሠሩ በርካታ የእጅ መሣሪያዎች ጥሬ ዕቃቸው ከተሽከርካሪ የወለቀ ባሌስትራ፣ ከሕንፃ የተረፈ ቶንዲኖ ወይም የላሜራ ቁራጭ ነው። ባሌስትራ ውፍረቱ ወጥ ነው፤ ካርቦኑም ከፍ ያለ በመሆኑ ለስለት ይመረጣል። አንዳንድ ጊዜም በመሐሉ የሚያልፈው ብሎን የነበረበት ቀዳዳ ተደፍኖ ወይም ተቆርጦ አሻራው ይታያል። ቶንዲኖ ደግሞ በጥርሱ ሊታወቅ ይችላል፤ ቀጥቃጩ አንዱን ጫፍ ቢያለሰልሰውም በእጀታው ውስጥ የተሸጎጠው ክፍል ጥርሱን ይዞ ይቆያል። በአንጻሩ በጥንቱ ዘዴ ከብረት አፈር ቀልጦ የተገኘ ብረት በውስጡ የማቅለጫ ዝቃጭ ስለሚቀርበት እንደ እንጨት ክር የተደረደረ መስመር ያሳያል። በኢትዮጵያ ብረት በማቅለጥ ጥበባቸው በጥናት ከተመዘገቡት ማኅበረሰቦች መካከል በደቡብ ኦሞ የሚኖረው የዲሜ ሕዝብ ይጠቀሳል። እንዲህ ያለው ምልክት የታየበት ዕቃ ከሌሎቹ ተለይቶ መያዝ ይኖርበታል።

የብረቱን ዓይነት ለመለየት የእጅ ባለሙያዎች በመሳያ ድንጋይ ላይ አስጠግተው የሚፈናጠረውን ብልጭታ ይመለከታሉ። ካርቦን የበዛበት ብረት ብልጭታው ቅርንጫፍ እያወጣ ይበተናል፤ ካርቦን ያነሰው ግን ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። ዘዴው በሥራ ቦታ ጠቃሚ ቢሆንም ለቅርስነት በሚታሰብ ዕቃ ላይ ፈጽሞ ሊሞከር አይገባም፤ ዕቃውን ይበላዋልና። ለእንዲህ ያለው ዕቃ ሳይነካ የሚመረምር የኤክስሬይ መሣሪያ አለ። ይህ መሣሪያ በብረቱ ውስጥ ያሉትን ማንጋኒዝና ክሮሚየምን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች ስለሚያሳይ የፋብሪካ ብረትን ከጥንቱ ብረት ለመለየት ይረዳል።

ብረቱ ግን ዘመኑንና ምንጩን እንጂ እጁን አይናገርም። የሠሪው እጅ የሚገኘው በአሠራሩ ነው። የመጥረቢያው ዛቢያ የሚገባበት ዓይን ብረቱ ታጥፎ በእሳት በመጣበቁ የተገኘ ነው ወይስ በመብሻ ተመትቶ የተከፈተ? የቢላዋው ጀርባ እስከ ጫፉ እኩል ውፍረት አለው ወይስ እየሳሳ ይሄዳል? የጉጠቱ ሁለት እግሮች የተያያዙበት ምስማር ራሱ እንዴት ተደፍጥጧል? እነዚህ ሁሉ ሠሪው ከአስተማሪው የወረሳቸውና ሳያስብባቸው የሚደጋግማቸው ልማዶች ናቸው።

ከአሠራሩ ቀጥሎ የመዶሻና የመስፍ አሻራ ይመጣል። በወንጀል ምርመራ ሳይንስ የታወቀ አንድ መርሕ እዚህም ይሠራል። አንድ ዓይነት መሣሪያዎች ሁሉ የሚጋሩት ምልክት አለ፤ አንዱ መሣሪያ ብቻ በመሸረፉ ወይም በማለቁ የሚተወው ምልክት ደግሞ አለ። የመዶሻው ፊት በአንድ ጠርዙ ከተሸረፈ በሚመታው ብረት ሁሉ ላይ ያንኑ ሽራፊ ያትማል። በሁለት ቢላዋዎች ላይ ተመሳሳይ ሽራፊ ከተገኘ ሁለቱ ከአንድ መዶሻ ሥር መውጣታቸው ያመዝናል። አሻራውን በግልጽ ለማየት ዕቃውን በጨለማ ክፍል አስቀምጦ ከጎን ዝቅ ብሎ በሚመጣ ብርሃን ፎቶግራፍ ማንሳት ይበቃል። ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም።

ነገር ግን መዶሻ የሚያመለክተው የሥራ ቤቱን እንጂ ሰውየውን ላይሆን ይችላል። በአንድ ቀጥቃጭ ቤት ወናፍ የሚነፋው ልጅ፣ በትልቁ መዶሻ የሚመታው ረዳትና ስለቱን የሚያወጣው ዋናው ባለሙያ በአንድ ዕቃ ላይ ይሳተፋሉ። ልጁ ሲያድግም የአባቱን መዶሻ ይወርሳል። ስለዚህ ጥንቁቅ መዝጋቢ «የእገሌ ሥራ» ከማለቱ በፊት «ከእገሌ ቤት የወጣ» ማለት እንደሚበቃ ይመዝናል።

እጀታውም ያሳስታል። የወይራ ወይም የክትክታ ዛቢያ በመጥረቢያው ዕድሜ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሊቀየር ይችላል፤ የሚቀይረውም ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ነው። በእጀታው ላይ የሚታየው የተላገ ቦታ የተጠቃሚውን እጅ ያሳያል እንጂ የሠሪውን አያሳይም። በገጠር ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። የገበሬው ማረሻ በሥራ ላይ እያለቀ ሲሄድ ወደ ቀጥቃጭ ይወሰዳል፤ ቀጥቃጩም ይስለዋል፣ ጫፉን ያረዝመዋል ወይም ብረት ይጨምርበታል። ከዓመታት በኋላ ማረሻው የመጀመሪያው ሠሪ የሠራው ዕቃ መሆኑ ራሱ ያጠያይቃል። ይህ ጉድለት አይደለም። በመዝገቡ ላይ የአዳሾቹን ስም ለመጻፍ የተለየ ቦታ መተው እንደሚገባ ግን ያመለክታል።

እነዚህ ሁሉ ምልክቶች ዋጋ የሚኖራቸው የሚወዳደሩበት አንድ የታወቀ ዕቃ ሲኖር ብቻ ነው። በኢትዮጵያ የጥበብ ታሪክ ለዚህ የሚጠቀሰው ግልጽ ምሳሌ ከብረት ሥራ ሳይሆን ከሥዕል የተገኘ ነው። በጣና ሐይቅ በሚገኘው የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለ አንድ የእመቤታችን ሥዕል የሠዓሊውን የፍሬ ጽዮንንና እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡትን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ስም የያዘ ጽሑፍ አለው። የጥበብ ታሪክ ተመራማሪዋ ማሪሊን ሄልድማን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት ይህን አንድ ስም ያለበት ሥራ መነሻ አድርገው ስም የሌላቸውን ሌሎች ሥዕሎች ከፍሬ ጽዮንና ከሥራ ቤቱ ጋር አዛምደዋል። ያነጻጸሩትም የፊት አሣሣልን፣ የልብስ እጥፋትንና የመስመር አጣጣልን የመሰሉ፣ እጅ የለመዳቸውን ነገሮች ነው። አንድ ስም ያለበት ሥራ ባይገኝ ኖሮ ሌሎቹ ሁሉ «ሠዓሊው ያልታወቀ» እንደተባሉ በቀሩ ነበር።

ጃፓኖች ይኸንኑ ጥበብ በሰይፍ ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት አዳብረውታል። የጃፓን ሰይፍ ሠሪ ስሙን የሚቀርጸው በእጀታው ውስጥ በሚደበቀው የብረቱ ክፍል ላይ ሲሆን፣ ስም ያልተቀረጸባቸውም ብዙ ናቸው። ሆናሚ የተባለው ቤተሰብ ትውልድ በትውልድ እየተተካ የሰይፍን ቅርጽ፣ የስለቱን ዳር ንድፍ፣ የብረቱን ክርና የሞረድ አሻራ እየተመለከተ ሠሪውን ለይቶ የምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር። ለኢትዮጵያ መዝጋቢዎች የሚጠቅመው ትምህርት እነዚህ ባለሙያዎች በእጀታው ውስጥ ያለውን ዝገት አለመንካታቸው ነው። ዝገቱ ራሱ የዕድሜ ማስረጃ ነውና። በእኛ አገር ግን አሮጌ ዕቃ ለኤግዚቢሽን ሲቀርብ አስቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት የተለመደ ትጋት ሆኖ ይታያል። በዚያ ትጋት የመዶሻው አሻራ አብሮ ይጠፋል።

በአውሮፓ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነበር። በእንግሊዝ የብር አንጥረኞች የየራሳቸውን ምልክት በሥራቸው ላይ እንዲያትሙ እ.ኤ.አ. በ1363 በሕግ ታዘዋል፤ በ1624 የተቋቋመው የሼፊልድ ቢላዋ ሠሪዎች ማኅበርም የአባላቱን ምልክት ይመዘግብ ነበር። ምልክቱ የተጀመረው ለሠሪው ክብር ተብሎ አይደለም። ጥራቱ የጎደለ ዕቃ ሲገኝ ተጠያቂው እንዲታወቅ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ተጠያቂነቱ ዝና ሆነ።

በኢትዮጵያ ሠሪው ስሙን ያልጻፈው የገበያው ጠባይ ስላላስገደደው ብቻ አልነበረም። የእጅ ባለሙያ ይንቋሸሽ ነበር፤ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸክላ የምትሠራዋ በሙያቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። ብረት ሠሪውም «ቡዳ» እየተባለ ይፈራ ነበር። የሚገርመው «ባለ እጅ» የሚለው ቃል በአንድ በኩል ችሎታን ማመስገኛ፣ በሌላ በኩል ማራቂያ ሆኖ ማገልገሉ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጆችን በሙያቸው የሚሳደብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገራቸው የችግሩን ስፋት ያሳያል። ሙያው በሚያሰድብበት አገር ስምን በሥራ ላይ መቅረጽ ምን ትርፍ ነበረው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሴባስቶፖል ታሪክም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት ያሠሩት ይህ ግዙፍ መድፍ አሁንም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል፤ አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። በሥራው የተካፈሉት የአውሮፓ ሚስዮናውያን፣ በተለይም የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ቴዎፍል ዋልድማየር፣ በስም ይታወቃሉ። ወናፍ የነፉት፣ ምድጃውን የሠሩትና ብረቱን ያቀለጡት ኢትዮጵያውያን ግን በአብዛኛው በስም አልተመዘገቡም። በአገሪቱ እጅግ የታወቀው የብረት ሥራ እንኳ ከሠሪዎቹ የከፊሎቹን ስም ብቻ ይዞ ቀርቷል። የአንድ የጌጃ ሰፈር መጥረቢያ ሠሪ ስም ቢጠፋ የሚያስደንቅ አይሆንም፤ ልዩነቱ የመጥረቢያውን ሠሪ የሚያውቅ ሰው ዛሬም በሕይወት ሊኖር መቻሉ ነው።

ስለሆነም ከብረቱ ምርመራ ይልቅ ቅድሚያ የሚሰጠው ሰዎችን መጠየቅ ነው። ብረት ይጠብቃል፤ ሰው አይጠብቅም። አጠያየቁም ዘዴ ይፈልጋል። «ይህን ማን ሠራው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «እኔ እንጃ» የሚል መልስ ያስከትላል። «የት ተገዛ? ማን ገዛው? ሲዶለዱም ማን ይስለዋል? እጀታው ሲሰበር የት ትወስዱት ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን እማማም ሆኑ አባባ የሚያስታውሱት ነገር አያጡም። በመርካቶ ዕቃው በየተራው ስለሚለያይ የተገዛበት ተራ ብቻ ቢታወቅ እንኳ ፍለጋው ከመላው ገበያ ወደ ጥቂት ሥራ ቤቶች ይጠባል። ከዚያ በኋላ ዕቃውን ይዞ ወደ ተራው መሄድና ለቀድሞ ባለሙያዎች ማሳየት ይቻላል። በሙያው ያረጀ ሰው የጓደኛውን ሥራ በእጁ ይዞ ሲያገላብጥ የሚያስተውላቸው ነገሮች መዝጋቢው በፎቶግራፍ የማያገኛቸው ናቸው።

በዚህ ረገድ የቃላቱ ምንጭም ይረዳል። ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ሞርሳ፣ ባሌስትራ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ሲሆኑ ጉጠት፣ መዶሻ፣ ወናፍና መስፍ ግን የቆዩ ስሞች ናቸው። ባለቤቱ ዕቃውን በምን ስም እንደሚጠራው እንደወረደ መጻፍ ያስፈልጋል። መዝጋቢው በራሱ ቃል ከተካው አንድ ማስረጃ ይሰረዛል።

የተገኘው መረጃ ሲመዘገብ የእርግጠኝነቱ ደረጃ አብሮ መገለጽ አለበት። ሲሠራ ያየ ሰው የመሰከረበት ዕቃ «የእገሌ ሥራ ነው» ይባላል። በአሻራና በአሠራር ከታወቀ ሥራ ጋር የተዛመደው «የእገሌ ሥራ እንደሆነ ይገመታል» ተብሎ ይጻፋል፤ ማን እንደገመተና መቼ እንደገመተም ይጠቀሳል። ሰፈሩ ወይም ተራው ብቻ የታወቀውም ያው ይጻፋል። ባዶ ከመተው «ምናለሽ ተራ የተገዛ» ማለት እጅግ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ የሆነውና የተሰረቁ ቅርሶችን ለመለየት በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያገለግለው ኦብጀክት አይዲ የተባለው መስፈርት ከዓይነቱ፣ ከመጠኑና ከተሠራበት ነገር ጋር ምልክቶቹን፣ መለያ ጠባዮቹንና ሠሪውን ይጠይቃል። መለያ ጠባይ ሲባል ሽራፊ፣ ጥገናና የአሠራር ጉድለት ማለት ነው። ስም ለሌለው መሣሪያ መታወቂያው ይኸው ነው። የመዝገብ ቁጥሩ በብረቱ ላይ በጭረት መጻፍ የለበትም፤ በክር በታሰረ ካርድ ወይም በሚለቅ ቀለም መቀመጥ ይኖርበታል።

የሕግ መሠረቱም አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ተንቀሳቃሽ ቅርሶች የሚመዘገቡበትን ሥርዓት ደንግጓል። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. ያጸደቀችው የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ጥበቃ ስምምነት ባህላዊ የእጅ ጥበብን ከሚመለከታቸው ዘርፎች አንዱ አድርጎ ያስቀምጣል፤ በዚህ ዕይታ የሚጠበቀው ዕቃው ብቻ ሳይሆን የሠሪው ዕውቀት ጭምር ነው። በሥራ ላይ ላሉ ባለሙያዎች ደግሞ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 በር ከፍቷል። በማኅበር የተደራጁ ብረት ሠሪዎች በአዋጁ መሠረት በጋራ የሚጠቀሙበትን ምልክት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ የሚችሉ ሲሆን፣ ምዝገባው ለ7 ዓመታት ጸንቶ የሚቆይና የሚታደስ ነው። ምልክቱን በብረት ላይ ለማተም የሚያስፈልገው አንድ የተቀረጸ ማተሚያና አንድ የመዶሻ ምት ነው። መሥሪያ ቤቶች ዶማና አካፋ ከአነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ሲገዙ ምልክት እንዲታተም በውላቸው ቢያስገቡ በአንድ በኩል የተሰበረውን ለመመለስ፣ በሌላ በኩል መልካሙን ሠሪ ደግሞ ለመጥራት ይረዳቸዋል።

ለመልሶ ማልማት ተነሺዎች በሚዘጋጀው የካሣ ግምት የሚቆጠረው በመሬቱ ላይ የሰፈረው ንብረት ነው፤ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ አጥሩና ዛፉ ይለካል። በጓዳ ያለው መጥረቢያ ተንቀሳቃሽ ዕቃ በመሆኑ ባለቤቱ ይዞት ይሄዳል ወይም ይጥለዋል። ቤቱን ለመለካት የሚሄደው ቡድን ግን ቤተሰቡ ገና በቦታው እያለ፣ ጎረቤቱም ሳይበተን በሩን የሚያንኳኳ የመጨረሻው የመንግሥት አካል ነው። አንድ የባህል ባለሙያ ከቡድኑ ጋር ሄዶ በአንድ ገጽ ቅጽ ላይ ዕቃውን፣ የተገዛበትን ተራና የሳለውን ሰው ስም ቢጽፍ የሚወስድበት ጊዜ ግድግዳውን ለመለካት ከሚፈጀው አይበልጥም።